የድሮ ፎርማ ይሻላል ያልኩበት ክረምት

ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፸፪፣ ቅዳሜ

ይህ ደብተር የጥርስ ቤቱ የቀጠሮ መዝገብ እንዲሆን የተሰጠኝ ነበር። ሰዉ ሲያመው እንጂ በቀጠሮ ስለማይመጣ ለራሴ አደረግኩት። ቀኑን ሙሉ የምሠራው የሌላ ሰው ጥርስ ነው። ጄሶ በጥብጬ ቅርጽ አወጣለሁ፤ ከዚያ እስኪደርቅ ቁጭ ነው። ከእንግዲህ ቁጭ ስል እጽፋለሁ።

ዛሬማ የምጽፈው አለኝ። ረፋድ ላይ አብዱልሃሚድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ "ዓምዴ፣ ጋውንህን አውልቅና ና! እምሩንም ጥራው" አለኝ። አብዱልሃሚድ ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መጻሕፍት ሲገዛ ከመጻሕፍቱ ሥር ሁለት ካርቶን አገኘ። ግራ ቀኙን አይቶ ከባንኮኒው ሥር አወጣቸው።

ተገጣጣሚ መኪና! ሁለቱም ሴይቼንቶ! ያቺው ደጃችን ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የምትሠራው፣ መዳፍ አክላ፣ ተበታትና። ከውጭ የሚገባ እንዲህ ያለ ነገር "ቅንጦት" ከተባለ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ካርቶን አላየንም። እኔና እምሩ የገጣጠምነውን እያፈረስን እንደገና ስንገጣጥም ነው የከረምነው። እምሩ ፎቶ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በብሩሽ ቀለም ይቀባል። የሙሽራ ከንፈር ሲያቀላ እጁ የማይንቀጠቀጠው ሰውዬ ካርቶኑን ሲያይ ክዳኑን መክፈት አቃተው።

ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ አለ፤ እኛ ፎርማ እንለዋለን። የአንደኛው ካርቶን ሥዕል አዲስ ቢሆንም ውስጡ ያለው ከሃያ ዓመት በፊት ከተሠራ ፎርማ እንደገና የወጣ ነው። ሁለተኛው ፎርማውም ራሱ አዲስ ነው።

"አዲሱን እኔ" አለ እምሩ። "ዘጠና ስድስት ቁራጭ! የሞተሩ ሽቦ ሳይቀር አለው።"

"የድሮውን እኔ። አርባ አንድ ይበቃኛል።"

ሁለታችንም ያተረፍን መስሎን ወጣን።

ሐምሌ ፯

ጢም አለው። ብዙ ጢም። ፎርማ ሲያረጅ ብረቶቹ ጥርቅም ብለው አይገጥሙም፤ ፕላስቲኩ በስፌቱ ይሾልክና በየጠርዙ ስስ ጢም ያወጣል። ስላጨው አመሸሁ። አይናዲስ፣ "ያገባሁት ጥርስ ሠሪ ነው ወይስ ፀጉር አስተካካይ?" አለች። ከመኪናዋ ወለል ሥር የተሠራበት የድሮው ዓመት ተፍቆ በላዩ አዲስ ዓመት ታትሟል። ቢሆንም ፊቱ! ፊቱ ራሷ ሴይቼንቶ ናት።

ሐምሌ ፲፪፣ ቅዳሜ

ከእምሩ ጋር ኬክ ቤት ተጣላን። ተጣላን ማለት ይከብዳል። ተከራከርን። እኔ ትንሽ ጮኽኩ።

አዲሱን ገጥሞ ጣሪያውን ብቻ አስቀርቶ ይዞት መጣ። ሥራው ጥሩ ነው፤ አልክድም። ግን ፊት የለውም። "ይሄ ሴይቼንቶ አይደለም፣ የሴይቼንቶ የአጎት ልጅ ነው" አልኩት። እሱ ደግሞ የኔን አገላብጦ፣ "ይሄ ብዙ የተጫወተ ሸክላ ነው። ዘፈኑ አለ፤ ግን ይንኮሻኮሻል" አለ። ያኔ ነው የጮኽኩት።

"ምንም በለው ምን የድሮው ይሻላል! አዲሱ ወሬው ብዙ ነው እንጂ ውስጡ ባዶ ነው!"

እሱም ተነሥቶ፣ "ያንተማ ያው አሮጌው ነው! ካርቶኑን ቀየሩት እንጂ ምን ተለወጠ? በአዲስ ስም ያንኑ ያጎርሱሃል!" አለ።

ማንኪያ እንኳ አልተንኳኳም። ሰው ለመኪና እንዲህ ያለ ፍቅር እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ሁሉም በጥሞና ያዳምጠናል። ጋዜጣ ያነብ የነበረ አንድ ሰውዬ ብቻ ማኪያቶውን ሳይጨርስ ወጣ። አስተናጋጇ አክበረት መጥታ ጠረጴዛችንን መጥረግ ጀመረች። የተጠረገ ጠረጴዛ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ "ጋሽ ዓምደሚካኤል፣ በማርያም ስለ ኳስ አውሩ" አለችኝ። ኳስ አልወድም።

ያናደደኝ የመጨረሻው ነው። በር ላይ ሲደርስ እምሩ፣ "አንተ የምትወደው መኪናውን አይደለም። ወጣትነትህን ነው" አለኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። እሱ አርባ ስምንት ነው።

ሐምሌ ፲፫፣ እሑድ

ከቀበሌ አሁን ተመለስኩ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እምሩ መጥቶ፣ "ለምን አንለካውም?" አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እውነተኛዋን ሴይቼንቶ እንለካለን፣ ቁጥሩን ለትንሿ ልክ እናካፍላለን፣ የማን ፊት ትክክል እንደሆነ ይታወቃል። ከጥርስ ቤት ውፍረት መለኪያውን ካሊብሮና ሜትር ይዤ ወጣሁ። ጊዮርጊስ አጠገብ አንዲት ታክሲ ቆማለች። ሾፌሩ ውስጥ ተኝቷል። መቀስቀሱ ነውር መስሎን ዝም ብለን መለካት ጀመርን። እኔ ከመኪናው ሥር ገባሁ፣ እምሩ ይጽፋል።

"ከመሬት እስከ ወለሉ?"

"አሥራ ስድስት ነጥብ ሁለት!"

"የቀኙ ጎማ?"

ሾፌሩ ሲነቃ ያየው ከመኪናው ሥር የወጣ እግርና ቁጥር የሚጽፍ ሰው ነው። "ኧረ በሕግ!" ብሎ ሲጮህ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሕዝብ ከበበን። የአብዮት ጥበቃዎቹ ደረሱ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ ናቸው። የላይኛውን ጥርሳቸውን በሙሉ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፣ በ፷፬ ዓ.ም.፣ የመጋዘን ጸሐፊ ሳሉ። ሁለታችንም እንደማንተዋወቅ ሆንን።

"ምን ስትለኩ ነበር?"

"ሴይቼንቶ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ለምን ዓላማ?"

"ከትንሿ ጋር ለማመሳከር።"

"የምን ትንሿ?"

"ቤት ያለችው።"

ጓድ ሊቀመንበር ጠባቂዎቹን አዩ። "ቤት መኪና አለው?"

"አርባ አንድ ቁራጭ ናት" አልኩ። እምሩ፣ "የኔ ዘጠና ስድስት" አለ። ይህን ባይል ምን ነበረበት።

ሁለቱም መኪኖች ከየቤታችን መጥተው "ለምርመራ" ተያዙ። እምሩ የገጠመውን እንደገና ፈታትተው ነው ካርቶኑ ውስጥ የከተቱት። አላለቀሰም፤ ግን ወደ ግድግዳው ዞረ። የቀበሌው ጸሐፊ "ሁለት ሴይቼንቶ" ብላ መዘገበች። በዚያ ላይ ኬክ ቤት የተባለው ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ደርሷቸዋል፤ ቃል በቃል። እያንዳንዳችን ለየብቻ መግለጫ እንድንጽፍ ታዘዝን።

አይናዲስ ስትሰማ ቁጭ አለች። ቀጥሎ፣ "ትርፍ ቤት የለንም ብዬ ስኮራ ትርፍ መኪና ተገኘብን" አለችና ሣቀች። ሣቋ ቶሎ አለቀ።

ሐምሌ ፲፭

መግለጫው። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

"የድሮው ከአዲሱ የሚሻልበት ምክንያት" ብዬ ጀመርኩ። አይናዲስ ከትከሻዬ በላይ አንብባ፣ "'የድሮ' የምትለዋን አውጣት" አለች። አወጣኋት። "'አዲሱ'ንም።" አወጣሁት። "'ይሻላል'ስ ምን ያደርግልሃል?" እሱንም። የቀረው፦ "ፎርማ ነው።" ይህን መግለጫ ብዬ ልስጥ?

መግለጫው መጨረሻ ላይ "በዚህ ሥራ የሚሳተፉ ሌሎች ሰዎች" የሚል ጥያቄ አለ። ድሮ ሦስት ነበርን፤ ሦስተኛው ኢስሃቅ። በ፸ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ እንደወጣ ቀረ። "ሁለት ነን" ብዬ ጻፍኩ።

ሐምሌ ፳፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። መግለጫዎቹ በሕዝብ ፊት ተነበቡ።

የኔ አንድ ገጽ ነው፤ ማንም ምንም አልገባውም፣ ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር። የእምሩ ግን! የእምሩ እንዲህ ይላል፦ "ጓድ ዓምደሚካኤል ከልጅነቱ ጀምሮ የድሮውን ይደግፋል። ብዙ መክሬዋለሁ፤ አይመለስም። እኔ በበኩሌ ሁልጊዜም የአዲሱ ደጋፊ ነኝ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እምሩ ግራ ገብቶት እጅ ነሣ። ወዲያው የቀበሌው የአብዮት በዓል ዐውደ ርእይ ኮሚቴ አባል አድርገው መረጡት፤ ፎቶግራፍ ያዘጋጃል። እኔ እስከ አዲስ ዓመት ድረስ የግለ ሂስ ጽሑፍ እንዳቀርብ ተወሰነብኝ። "የድሮውን መደገፌ ስህተት ነበር" ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ። ካላቀረብኩ ጉዳዩ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል። ከፍተኛው ምን እንደሚያደርገው አልተነገረኝም። አልጠየቅኩም።

ሐምሌ ፳፩

ፎቶ ቤቱ ሄጄ እምሩን፣ "ሸጥከኝ" አልኩት።

"ምን ዋሸሁ?" አለኝ። "የድሮውን አትደግፍም?"

"እደግፋለሁ!"

"ታዲያ?"

"ታዲያ እንደዚያ ተብሎ ይጻፋል?"

"ስለ መኪና ነው የጻፍኩት፣ ዓምዴ! ስለ መኪና መሆኑን ሁሉም የሚያውቅ መስሎኝ ነው።" ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ብሩሹ እጁ ላይ ነው፤ ቀለሙ የአንዲት ሴት ጉንጭ ላይ ተንጠባጠበ። ትንሽ ልቤ ራራ። ከዚያ ጭብጨባው ትዝ አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። ከእንግዲህ አላናግረውም።

ነሐሴ ፫

ወደ ሥራ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው። በእሪ በከንቱ ዞሬ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ስለ እምሩ አላስብም። ዛሬ ጃንጥላ አልያዘም ነበር፣ ኮቱ በስብሷል። ከአብዱልሃሚድ ሱቅ ውስጥ ሆኜ እንዲያው ዓይኔ አርፎበት ነው።

ነሐሴ ፮

ግለ ሂሱን ሞከርኩ። "የድሮው አይሻልም" ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ስለ ሌላ ነገር የፈለጉትን ልጻፍላቸው። ስለ መኪናዋ ግን ሐሰት ነው። አይናዲስ፣ "ለፕላስቲክ ብለህ ልትታሰር ነው?" አለች። ለፕላስቲክ አይደለም አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

ነሐሴ ፰፣ ሐሙስ

ጄሶው እስኪደርቅ ልጻፍ፤ የሚያስቅ ነው፣ የሚያስፈራም።

ጓድ ሊቀመንበር ጥርስ ቤት መጡ። በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው፣ ጠባቂያቸውን ደጅ አቁመው። የላይኛው ጥርሳቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቆሎ ሲቆረጥሙ ነው። ፍልሰታ በመሆኑ ሳይሆን እንዲያው ቆሎ ስለሚወዱ መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

"መስከረም ሁለት ከከፍተኛው እንግዶች ፊት ንግግር አለኝ" አሉ። ያለ ጥርስ "ሶሻሊዝም" ሲሉ ምራቃቸው እኔ ጋ ደረሰ።

አዲስ ልክ እንውሰድ አልኳቸው። ልክ ለመውሰድ ሊጥ የመሰለ ነገር አፍ ውስጥ ገብቶ አራት ደቂቃ መቆየት አለበት። ገና የሊጡን ሳህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በ፷፬ም እንዲሁ ነበሩ፤ ወለሉን እኔ ነኝ ያጠብኩት። ጠባቂያቸው ደጅ ላይ ቆሞ ሲያጓሩ እንዲሰማ አልፈለጉም።

መደርደሪያውን አየሁ። የሠራሁለትን ሰው ሁሉ የጄሶ ቅርጽ አልጥልም። አይናዲስ "የሰው አፍ ሰብሳቢ" ትለኛለች። የሳቸው እዚያ ነው፣ ስሙ በእርሳስ ተጽፎበት፣ አንድ ጥግ ሳይሸረፍ።

"የድሮው ቅርጽ አለ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከሱ ላይ እንደገና ማውጣት እችላለሁ። ልክ መውሰድ አያስፈልግም።"

ፊታቸው በራ። "እንግዲያው የድሮው ይሻላል!" አሉ።

አልሣቅኩም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አልሣቅኩም። የታየኝ ግን የእምሩ ፊት ነው። ከድሮ ፎርማ ወጥቶ ልክክ የሚል ሥራ! ይየው!

ነሐሴ ፲፬

ትናንት ቡሄ ነበር፤ ሰፈሩ በጅራፍ ሲናጥ ዋለ። ዛሬ ስለ ጥርሱ ቀለም ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ የኔ ሴይቼንቶ ቆማለች። ግማሽዋ ተገጥሟል። ማስቲሹ በመስኮቶቹ ላይ ተዝረክርኳል። መሪው የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ዓይኔን አዩ። "ምርመራው ቀጥሏል" አሉኝ ረጋ ብለው። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይቺ ረጅሟ... የምን ናት?" አሉ።

"የጭስ ማውጫ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ነው እንዴ!" አሉ። መቀመጫ መስላቸው አጥፈዋት ነበር።

ነሐሴ ፳፯

ጥርሱ አልቋል። እንዲህ ያማረ ሠርቼ አላውቅም። ጄሶው ላይ ሳስቀምጠው ቀጭ ብሎ ይቀመጣል፣ ፀጉር አያሾልክም።

አፋቸው ውስጥ ግን ይዋኛል።

ስምንት ዓመት ነው። ጥርስ የሌለው ድድ በየዓመቱ ይሟሟል፤ ይህን ለተማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። ቅርጹ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነበረ፣ ሰውየው ግን መደርደሪያ ላይ አልነበሩም። "አብዮት" ሲሉ ጥርሱ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላቸዋል።

"ይላላል ልበል?" አሉኝ።

"ይለመዳል" አልኩ።

ይለመዳል! የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬን በአንዲት ቃል ሸጥኩ። ፈርቼ ነው? ፈርቼም ነው። ግን ሌላም አለ፣ እሱን አልጽፈውም።

ነሐሴ ፳፰

ለአይናዲስ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ሰማችኝ።

"ሂድና ንገረው" አለች።

"ማንን?"

"ሁለቱንም።"

ጳጉሜ ፪፣ እሑድ

ሊቀመንበሩ ጋ ለመሄድ ሦስት ቀን ጫማዬን አሰርኩ፣ ሦስት ቀን ፈታሁ። የንግግሩ ቀን ሲደርስ ጥርሱ ከከፍተኛው እንግዶች ፊት ይወድቃል፤ ሰውየው ሆን ብዬ ያደረግኩት ይመስላቸዋል። የድሮውን የሚደግፍ ሰው የሠራው ጥርስ! አይናዲስ ሁለት ሹራብና ካልሲ ለብቻ አጥፋ አስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እምሩ ነው። ዝናብ አበስብሶታል። "ልታናግረኝ አይጠበቅብህም" አለ ቆሞ። "ይህን ብቻ እይና እሄዳለሁ።" ከኮቱ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ፎቶግራፍ አወጣ። ለዐውደ ርእዩ ያነሣቸው ጓድ ሊቀመንበር ናቸው፤ በአንዱ አፋቸውን ገጥመው፣ በአንዱ እየተናገሩ።

"በማስመሪያ ለካሁት" አለ። "ሲናገሩ የላይኛው ጥርስ በሦስት ሚሊ ይወርዳል። ግራው ደግሞ ይበልጣል። ከድሮ ቅርጽ ነው ያወጣኸው፣ አይደል?"

"አዎ።"

'አላልኩህም?' ሊለኝ ይችል ነበር። እኔ ብሆን እል ነበር። እሱ ግን፣ "ፎቶውን በብሩሽ አስተካክዬዋለሁ፤ ማንም አያይም። አፋቸውን ግን በብሩሽ ማስተካከል አልችልም፣ ዓምዴ። አምስት ቀን አለህ" አለ። ቀጥሎ፣ "ስለ መግለጫው..." ሲል አይናዲስ ፎጣ ወረወረችለትና፣ "ራስህን አድርቅ፣ ሽሮው ይቀዘቅዛል" አለችው። በላን። ከመኪና በቀር ስለ ሁሉም ነገር አወራን።

ጳጉሜ ፫፣ ሰኞ

ሁለታችንም ሄድን። ቢሮውን ዘግተው ተቀበሉን። እኔም ነገርኳቸው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ስህተቱ የኔ ነው። ቅርጹ እንደ ድሮው ነው፤ እርስዎ ግን እንደ ድሮው አይደሉም። አዲስ ልክ ካልተወሰደ ጥርሱ ንግግሩ መሐል ይወድቃል። ባለፈው 'ይለመዳል' ያልኩት ውሸት ነው።"

ጥርሱን በምላሳቸው ገፋ አደረጉት። ቀጭ አለ።

"ስህተቱ የኔ ነው አልክ?"

"አዎ።"

ወረቀት ገፉልኝ። "ጻፈው።"

ጻፍኩ፦ "ጥርስን በተመለከተ የድሮውን ፎርማ መደገፌ ስህተት ነበር። ከእንግዲህ በአዲስ ፎርማ መሠራት እንዳለበት አምኛለሁ።" አንብበው፣ "'ጥርስን በተመለከተ' የምትለዋ ትውጣ" አሉ። "ምስጢር ነው።" አወጣኋት። እንደገና አነበቡት። ፊታቸው እየፈካ ሄደ። መሳቢያቸውን ከፍተው ማኅተም አወጡ፣ ትንፋሽ ሰጡት፣ ጓ! አደረጉት።

"ግለ ሂሱ ቀርቧል" አሉ። "ጉዳዩ ተዘግቷል።"

ያኔ ነው የገባኝ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪናውን በተመለከተ ግን እኔ አሁንም..." ስል እምሩ እግሬን ረገጠኝ። በሙሉ ክብደቱ።

ቀጥሎ ልክ መውሰዱ። ይዤው የመጣሁትን ሳህን ሲያዩ ገና ላብ አጠመቃቸው። እምሩ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሴይቼንቶ አየና፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺን የኋላ መብራት እርስዎ ይያዙልኝ፤ እኔ ማስቲሽ እቀባለሁ" አላቸው። ወረንጦውን አስያዛቸው። እኔ ሳህኑን አፋቸው ውስጥ አስገባሁ። ማጓራት ጀመሩ። "ትንፋሽ በአፍንጫ! መብራቷ እንዳትንቀሳቀስ!" ይላል እምሩ። "ወደ ግራ... ትንሽ... እጅዎ ጥሩ ነው፣ እንደርስዎ ያለ እጅ አላየሁም!" አራት ደቂቃ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን ንቅንቅ አላለም። መብራቷ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ልኩም ወጣ።

አፋቸውን ሲጠርጉ መጀመሪያ ያዩት ልኩን አይደለም። መብራቷን ነው።

መስከረም ፩

መልካም አዲስ ዓመት። ሦስት ቀን ከጥርስ ቤት አልወጣሁም። ዛሬ ገጠምኩላቸው። "ሶሻሊዝም" አስባልኳቸው አሥር ጊዜ። አንድ ጠብታ ምራቅ አልወጣም።

መስከረም ፪፣ ዓርብ

በዓሉ። ጓድ ሊቀመንበር መድረክ ላይ ወጡ። ቃል በወጣ ቁጥር የላይኛውን ከንፈራቸውን አያለሁ። ጥርሱ እንደ ድንጋይ ቆመ። ስምንት ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ዛሬ የሚያሰጋቸው ነገር እንደሌለ ገባቸው። ድምፃቸው ከፍ አለ፣ እጃቸው ተወናጨፈ፣ ወረቀቱን ጨርሰው ያለ ወረቀት ቀጠሉ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፣ "እኚህ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካቸው ዘንድሮ?" አሉ። የከፍተኛው እንግዳ አንቀላፉ።

እምሩ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ "ያንን የሚወድቀውን ብትተውላቸው ምን ነበረበት?" አለኝ።

ሣቄን ወደ ሳል ለወጥኩት። እሱ መለወጥ ስላቃተው ጭብጨባ ጀመረ፤ ሕዝቡም ያለቀ መስሎት ተከተለው፤ በዚያው አለቀ። ቀበሌያችን ለእምሩ ውለታ አለበት።

መስከረም ፬፣ እሑድ

ካርቶኖቹን መለሱልን። የአዲሱ ሁሉም ቁራጭ አለ፤ ቆጠርነው። የድሮውን ጓድ ሊቀመንበር ገጥመው ጨርሰውታል፣ ቀለም ሳይቀር። አንድ ጎማ አይዞርም። የፊት መስታወቱ ላይ የአውራ ጣታቸው አሻራ በማስቲሽ ታትሟል። ከወለሉ ሥር፣ የተፋቀው ዓመት ላይ፣ የቀበሌው ክብ ማኅተም ተመትቷል፦ ተመርምሯል።

እምሩ ሞረድ አንሥቶ፣ "ልፍታልህ፤ እንደገና እንሠራዋለን" አለ። ፊቷን አየሁ። ኋላዋ ተጣሞ፣ መስኮቷ ደብዝዞ፣ ያው ፊቷ ነው። የኋላ መብራቷ ቀጥ ያለ ነው። "ተዋት" አልኩት።

"አበላሽተዋታል እኮ!"

"ይሁን፣ ተዋት።"

የሱን አብረን መሥራት ጀመርን። እምሩ እኔ የድሮ ሰው መሆኔን እያስታወሰ ትንንሾቹን ቁራጮች ለራሱ ወሰደ፤ እኔ ግራ በሩን እንድገጥም ሰጠኝ። ቀትር ላይ አይናዲስ ጠርታው እጁን ሊታጠብ ወጣ። በሩ ማጠፊያ አለው። ከጤፍ የማይበልጡ ሁለት ማጠፊያዎች። ይከፈታል። ሲዘጋም ድምፅ አለው፣ ጠቅ ይላል፣ እንደ እውነተኛው። አሥራ አንድ ጊዜ ከፈትኩት። እምሩ ሲመለስ ጋዜጣ አነብ ነበር።

"እንዴት ነው በሩ?" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት።